ያልቀመስኩት ኮክ

ይህ የሆነው አምና በፍልሰታ ጾም ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እስካሁን ረስቶት ነበር። እኔ ግን ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ፍራፍሬ ነጋዴ ነኝ፤ ክረምት ሲገባ ኮክ ከፊቴ ተከምሮ ይውላል። ከፊት የተከመረ ነገር ደግሞ አይረሳም።

ልጄ ማስተዋል አግብታ የምትኖረው አምባ ጊዮርጊስ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ምጥ ያዛትና ጤና ጣቢያ አድራ ውላ፣ ብዙ ደም ፈሷት፣ በመከራ ሴት ልጅ ተገላገለች። ባለቤቴ ከአጠገቧ ነበረች። እኔ ሱቄ ውስጥ ስልኬን ታቅፌ ተቀምጬ ተሳልኩ። «እመቤቴ፣ ልጄን ካተረፍሽልኝ ፍልሰታሽን አንድ ቀን ሳላጎድል እጾማለሁ» አልኩ። ለሌላው ቀላል ስለት ነው። የእኔ ጾም ግን እስከዚያ ድረስ እንደ አንዳንድ ነጋዴ ሚዛን ነበር፤ ሰው ሲያየው ቀጥ ይላል፣ ሰው ዞር ሲል ዘንበል ይላል። እመቤታችንም ይህን ስለምታውቅ ነው የሚከብደኝን የመረጥኩላት።

ልጄ ተረፈች። ነገር ግን እህል እምቢ አለች። ገንፎ ሲያቀርቡላት ፊቷን ታዞራለች፤ አጥሚት ሲያቀርቡላትም ያው። ጾሙ ከገባ ሳምንት ገደማ ባለቤቴ ደወለች፤ ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

«ኮክ በሊጥ አማረኝ ትላለች። ከሱ ሌላ አልቀምስም ብላለች።»

ኮክ በሊጥ ማስተዋል ሳታገባ ፒያሳ ኬክ ቤት ስትሠራ ተምራ ያመጣችብን ጣጣ ነው። ኮኩ ይላጣል፣ ፍሬው ይወጣል፣ ባዶው ቦታ ቅቤና ስኳር ይሞላል፤ ከዚያ በእንቁላልና በቅቤ በታሸ ሊጥ ተጠቅልሎ ይጋገራል። እኛ ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር እናትና ልጅ ይጋግራሉ፤ እኔ የምደርሰው ሲበላ ብቻ ነበር።

«ታዲያ ጋግሪላታ» አልኳት።

«እጄን ይዛ አትለቀኝም። ከአጠገቧ ስነሳ ታለቅሳለች። አንተ ጋግረህ ነገ ይዘህ ና።»

«እኔ?»

«ምነው? ኮክ የምትሸጠው አንተ አይደለህም?»

መሸጥና መጋገር አንድ መስሏት እንደሆነ አላውቅም። ፉርኖ ዱቄት ገዛሁ፣ ቅቤ አነጠርኩ፣ ስልኩን ጆሮዬ ሥር ሰክቼ እሷ እያዘዘች እኔ አሸሁ። መሐል ላይ ኔትወርኩ ሄደ። ቀጥሎ መብራቱ ሄደ። እንደ ድፎ ዳቦ ከታችም ከላይም ፍም አድርጌ በብረት ድስት ጋገርኩት። ኮክ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሲሰነጠቅ ፍሬው በራሱ ይወልቃል፣ ሌላው ሙጭጭ ይላል። ሙጭጭ ካሉት አንዱ ጨርሶ ስላስቸገረኝ ማን ያየዋል ብዬ ከነፍሬው ጠቀለልኩት። ጾም ስለሆንኩ ጣቴን እንኳ አልላስኩም። ስለዚህ ይጣፍጥ ይምረር የማውቀው ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ትሪውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ካርቶን ውስጥ ከትቼ የአምባ ጊዮርጊስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ። ጋቢያቸው በዝናብ ርሷል። ካርቶኑ ከእኔ ጉልበት አልፎ የሳቸው ላይ ዐርፏል።

«ይኸ ነገር የራሱን ቦታ ከፍሏል?» አሉኝ።

«አያ፣ ትንሽ ይቻሉት። የአራስ ነው።»

አሸተቱት። «ቅቤ ነው። ሌላስ?»

«ኮክ።»

«ኮክ ወደ እኛ አገር፣ ወደ ወገራ? እኛ ጓሮ ውስጥ እየረገፈ ይበሰብሳል። ውሃ ቀድተህ ወደ ጣና የምትወስድ ሰው ነህ።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ተኳርፈን ነው ዳገቱን የወጣነው ማለት ይቻላል።

ዳገቱን ጨርሰን ጉም ውስጥ እንደገባን መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አገኘን። ሹፌሩ ሳይነገረው ቆመ። መሣሪያ የያዙ ልጆች ከጉሙ ወጡ። የማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። በዚህ ዘመን መንገደኛ ይጠየቃል እንጂ አይጠይቅም።

አውርደው ይፈትሹን ጀመር። የእኔ ካርቶን ሲከፈት የቅቤው ሽታ ወጣ። ብርድ ላይ ያደሩ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ዞረው አዩ። መሪያቸው ጢሙ ገና የሚያቆጠቁጥ፣ የአማቼ እኩያ ነው።

«ምንድን ነው?»

«ኮክ ነው፤ በሊጥ የተጋገረ። ልጄ ወልዳ አምሯት ነው።»

«ሸጋ ነው። በል ቅመስና አካፍለን።»

ክፉ ነገር አልጠየቀኝም። በእኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ከዚያ ነው ለእንግዳ የሚሰጠው። ያቀረበ ይቀምሳል። ቆረስ አድርጌ ብጎርስ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

አፌ ቀደመኝ። «እኔ ጾም ነኝ» አልኩ። «ቅቤና እንቁላል አለበት።»

ልጁ ወደ ትሪው ጎንበስ አለ። «ማን ጋገረው?»

«እኔ።»

ከኋላው አንዱ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «በፍልሰታ ቅቤ የገባበት፣ ወንድ የጋገረው፣ ባለቤቱ የማይቀምሰው» አለ፤ ቀስ ብሎ። «አንተ ብትሆን ትበላዋለህ?»

አልበላውም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የትናንቱን ኮክ የዛሬ ነው ብዬ ሳሳምን ኖሬ፣ ያን ቀን እውነቱን ማሳመን አቃተኝ።

«ምሳ ብለው ያመጡላቸውን በልተው፣ ተመርዘው የቀሩ ልጆች አሉን» አለና መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ።

ስለቱን ነገርኩት። ምጡን፣ ደሙን፣ እህል እምቢ ማለቷን ሁሉ ነገርኩት። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ደግሞ የውሸት ይመስላል።

«ብላ» አለኝ።

አንዱን አነሳሁ። ብበላ ስለቴ ይፈርሳል። ቅጣቱ በእኔ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ የተሳልኩት ግን በልጄ ነፍስ ነው፣ እሷም ገና አልዳነችም። ካልበላሁ ደግሞ ከዚያ ጉም አልወጣም። እጄ ከአፌ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቆመ።

«እስቲ ወዲህ በለው» አለ አንድ ድምፅ። እኒያ ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው።

መሪው ተቆጣ። «አያ፣ እርስዎ አርፈው ይቁሙ። አብራችሁ ናችሁ?»

«የት ተዋውቀን? በካርቶኑ ጉልበቴን ሲጫነኝ ነው የመጣው።»

«ታዲያ ምን አገባዎት?»

«ይቀመስ አላችሁ። ይቀመስላችኋላ።»

ልጁ እኔ የያዝኩትን አስጥሎ ከትሪው መሐል ራሱ መርጦ ሰጣቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው አማተቡ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ብርዱ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። «ተዉ፣ የእኔ ጣጣ ነው» ማለት እችል ነበር። አፌ ቅድም ሳይጠየቅ እንዳልቀደመ፣ አሁን ተዘጋ።

ጎረሱ። አኘኩ። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን።

ከዚያ ማኘካቸውን አቆሙ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፣ ጎንበስ አሉ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «በስመ አብ» አለች። አፈሙዙ ወደ እኔ ዞረ። ያ ሙጭጭ ያለው ፍሬ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ሽማግሌው መዳፋቸው ላይ ተፉት። አገላብጠው አዩት።

«ጥርሴን ጨረሰው» አሉ። «ከነፍሬው ነው የጋገረው። ወንድ መጋገሩን አሁን አመንኩ።»

ልጆቹ ሳቁ። መሪው ፍሬውን ከመዳፋቸው አንስቶ አየና ወደ ገደሉ ወረወረው። ቢሆንም ወዲያው አልለቀቀንም። የተረፈውን በልተው እስኪጨርሱ፣ ከጨረሱም በኋላ ቆይቶ ፊታቸውን እያየ አቆመን። በመጨረሻ «ሂዱ» አለ። አንዱ ልጅ እጁን ወደ ትሪው ሲሰድ መታ አደረገው። «ተው፣ የአራስ ነው።»

ሚኒባሱ ተነሳ። ካርቶኑን ሙሉ በሙሉ ወደ ራሴ ጉልበት ሳብኩት።

«አያ፣ ምነው እንዲህ አደረጉ?» አልኳቸው። «እርስዎም እኮ ጾመኛ ነዎት።»

«እኔ የምጾመው ለራሴ ነው። ያንተ የልጅ ነው።»

«አምነውኝ ነው?»

«ፊትህ የሚታመን አይደለም» አሉ።

«መርዝ ቢሆንስ ኖሮ?»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጪው ጉም ነው፤ የሚታይ ነገር የለም። «እሱንም አስቤው ነበር» አሉኝ።

አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ፣ ቤት የማይታይበት ቦታ ላይ «ወራጅ» ብለው ወረዱ። ካርቶኑን ይዤ ነበርና እንኳን እጃቸውን ልስም፣ ስማቸውንም አልጠየቅኩም። ጉሙ ውስጥ ሲገቡ የርጥብ ጋቢያቸው ጫፍ ነው መጨረሻ ያየሁት።

ልጄ ትሪው ሲገለጥላት መሐሉ ጎድሎ አየች። «ማን በላብኝ?» አለች በዚያ በደከመ ድምፅዋ። «ቀማሽ» አልኳት። ሁለት በላች። ታቹ አርሯል፣ ላዩ ጥሬ ነው አለችኝ፤ ግን በላች። ማታውን አጥሚት ጠጣች። ቀስ እያለች ዳነች። እኔም ስለቴን ሳላጎድል ፈጸምኩ።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ ድክ ድክ ትላለች። አምባ ጊዮርጊስ በገበያ ቀን ስሄድ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ፊቱን አያለሁ። እስካሁን አላገኘኋቸውም። ባገኛቸው ምን እንደምላቸውም አላውቅም። ማመስገኑ አይደለም የከበደኝ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ዝም ማለቴ ነው።

ባለፈው ሰሞን ልጄ ለጥየቃ መጥታ ከእናቷ ጋር ኮክ በሊጥ ጋገሩ። ገና የፍልሰታ ጾም አልገባም ነበር፤ ዕለቱም ማክሰኞ ነው። ቤቱ በቅቤ ሽታ ታወደ፣ ሁሉም በላ፣ የእኔ ድርሻ በሰሃን ቀረበልኝ።

«ብላ እንጂ፣ ጾም አይደለም» አለችኝ ባለቤቴ።

አውቃለሁ። አንስቼ እስከ አፌ አደረስኩት። ከዚያ መልሼ ሰሃኑ ላይ አስቀመጥኩት።