ከቶሌራ ጋር የመረጥነው ካልኩሌተር

ይህ ነገር የገጠመኝ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ ነቀምቴ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። አሁን ለመጻፍ የተነሳሁት በልጄ ምክንያት ነው።

ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ገባች። «አባ፣ ላፕቶፕ ግዛልኝ፤ ዋጋው የማይጎዳህ፣ ለትምህርትም ለጌምም የሚሆን» አለችኝ። እኔ ስለ ዕቃው ምንም ስለማላውቅ፣ የሚያውቅላት አንድ የክፍሏን ልጅ ይዛ መጣች። ሦስታችን ሱቅ ለሱቅ ስንዞር ዋልን። ልጁ እያንዳንዱን ላፕቶፕ ከፍቶ፣ ነካክቶ፣ ገልብጦ ሲያይላት ማየት አቅቶኝ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እነሱ የደከመኝ መስሏቸው ወንበር አስመጡልኝ።

እኔ ማትሪክ አልፌ አዲስ አበባ ኮሌጅ ስመደብ የሚያስፈልገኝ ካልኩሌተር ነበር። የዛሬ ልጆች ይስቁ ይሆናል። ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ካልኩሌተር ያለው ተማሪ አልነበረም። እናቴ ከጓሮ ቡናዋ ሽያጭ ያስቀመጠችውን ሰጠችኝና «ጠንካራ ነገር ግዛ፤ ሌላ የለኝም» አለችኝ።

እኔም የሚያውቅልኝን ሰው ይዤ ሄድኩ። ቶሌራ ይባላል፤ የልብ ጓደኛዬ ነበር። የሲሬ ልጅ ሲሆን፣ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ነቀምቴ አጎቱ ዘንድ ሰዓት ይጠግን ነበር። እኔ መጽሐፍ ይገባኛል፣ እሱ ደግሞ ዕቃ ይገባዋል። የቆመ ሰዓት ጆሮው ላይ አድርጎ ነቅነቅ ሲያደርገው ምን እንደነካው ይነግርሃል።

ገበያው አጠገብ ጋሽ ናስር የሚባሉ የጉራጌ ነጋዴ ሰዓትና ሬዲዮ ይሸጡ ነበር። ሦስት ካልኩሌተር አወጡልን። የመጀመሪያው አዲስ ነው፤ ዋጋውን ስሰማ መልሼ አስቀመጥኩት። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ግን ከመደመርና ከማባዛት አያልፍም፣ ለሱቅ እንጂ ለኮሌጅ አይሆንም። ሦስተኛው ከውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ሰው የሸጠላቸው ያገለገለ ነው። ስኩዌር ሩት ያወጣል፣ ፐርሰንት ይሠራል፤ በዚያ ላይ ጨዋታ አለው። ቁጥሮች ከቀኝ ወደ ግራ እየሮጡ ይመጣሉ። ግራው ጫፍ ሳይደርሱ ያንኑ ቁጥር አምጥተህ ትተኩስባቸዋለህ። ሲመታ ጢው ይላል። ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ። ችግሩ የሰባት ቁጥር ቁልፉ ቢጫኑት ቢጫኑት አይሠራም።

«አንተ ልጅ፣ የምትሄደው ልትማር ነው ልትጫወት?» አሉኝ ጋሽ ናስር።

«ለሁለቱም ነው ጋሼ» አልኩ።

ቶሌራ ካልኩሌተሩን ገልብጦ አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጨሊሲ» አለኝ። ዝም በል ማለቱ ነው። «ቆሻሻ ገብቶበት ነው እንጂ አልሞተም። እኔ አስነሳዋለሁ።»

ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጋሼ፣ ይሄማ በሽተኛ ነው። ሰባትን የማያውቅ ካልኩሌተር ኮሌጅ ገብቶ ምን ሊሆን ነው?» አላቸው። ጋሽ ናስር በሳቅ ፈረሱ፤ ዋጋውንም እጄ ላይ ወዳለው አወረዱልኝ። ብቻዬን ብሄድ ኖሮ ወይ ያንን መደመርና ማባዛት ብቻ የሚያውቀውን ይዤ እመለስ ነበር፣ ወይ ባዶ እጄን።

ቶሌራ አጎቱ ሱቅ ወስዶ ፈታው፤ በጥጥና በአልኮል ጠረገው፤ ሰባት ቁጥር ሠራ። ባትሪው ያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም። ከተበላሹ ሰዓቶች እያወጣ ያጠራቀማቸውን ክብ ክብ ባትሪዎች ከትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ መርጦ ከተተልኝ። ለድካሙ ምንም አልተቀበለኝም። «አንዳንዴ ታጫውተኛለህ» አለኝ፣ በቃ።

ያን ክረምት ሰፈራችን ቡርቃ ጃቶ፣ እኛ ቤት በር ላይ ያለው ግንድ የሰፈሩ ጎረምሳ መሰብሰቢያ ሆነ። ተራ በተራ እንጫወታለን፤ የተሸነፈ ለሌላው ይለቃል። ቶሌራ ግን አይሸነፍም። ጣቱ ትንንሽ የሰዓት ብሎን የለመደ ነው። አንዴ ከያዘው ሌሎቻችን ቁጭ ብለን ማየት ነው። ቀስ በቀስ ሰው «የቶሌራ ካልኩሌተር» ይለው ጀመር። እኔም ከላይ እየሳቅሁ ውስጤ ይበግን ነበር። የእናቴ ቡና የተሸጠበት እኮ ነው! እንዲህ ያለ ትንሽ ሰው ነበርኩ።

ለብሔራዊ ውትድርና የሚደረገው አፈሳ የበረታበት ጊዜ ነው። የኮሌጅ ደብዳቤ ያለው ይታለፋል፤ ሥራ ፈት የተባለ ይያዛል። እኔ ደብዳቤዬን ከኪሴ አልለይም። ቶሌራ ደግሞ አጎቱን ተማምኖ ይንቀሳቀስ ነበር።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አምስት ሆነን ግንዱ ላይ ተቀምጠናል። ካልኩሌተሩ ቶሌራ እጅ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ደርሶበት የማያውቀው ነጥብ ላይ ደርሷል። የቀበሌ ጥበቃዎች ከመንገዱ በሁለቱም በኩል ብቅ አሉ። ሦስቱ ልጆች አጥር ዘለው ጠፉ። እኔ ደብዳቤዬን ተማምኜ አልተነሳሁም። ቶሌራ አንገቱን ደፍቶ ስለነበር ቀና ያለው ጫማቸውን ሲያይ ነው።

አለቃቸው ደብዳቤዬን አንብቦ መለሰልኝ። ከዚያ ወደ ቶሌራ ዞረ። «አንተስ?»

ቶሌራ ካልኩሌተሩን እንደያዘ ተነሳ። «እኔም ተማሪ ነኝ፤ ደብዳቤዬ ሲሬ እናቴ ዘንድ ነው» አለ።

ሰውየው ካልኩሌተሩን አየው። እንዲያ ያለ ዕቃ ሥራ ፈት እጅ ላይ አይገኝም። ፊቱ ለዘብ ሲል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

«ይሄ ያንተ ነው?» አለው።

«አዎ፣ የኔ ነው።»

«ከን ኮቲ! የኔ ነው!» አልኩ እኔ።

ያልኩት አስቤ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ አፍኜ የያዝኩት ነገር ነው አምልጦኝ የወጣው። ደግሞ እንዳይስቱኝ ይመስል፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ አፌን ሳልዘጋ ነው።

አለቅየው ሳቀ። «ተማሪው!» ብሎ የቶሌራን የሸሚዝ አንገት ያዘ።

ቶሌራ አልሰደበኝም። ጨዋታው አልቆመም ነበር፤ ቁጥሮቹ ይሮጣሉ። ማጥፊያውን ተጫነና በሁለት እጁ አቀበለኝ።

«አጥፍቼዋለሁ፣ ባትሪው እንዳያልቅብህ» አለኝ።

ተከትያቸው ሮጥኩ። «ተማሪ ነው፣ እውነቱን ነው፣ ተማሪ ነው» አልኩ። አለቅየው ሳይዞር «ቅድም የተናገርከው ይበቃናል» አለኝ።

በሁለተኛው ቀን ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ሲሬ ቆመ። የቶሌራ እናት አዴ ቦንቱ እዚያ መናኸሪያ ብርቱካን ይሸጡ ነበር። እየሮጡ ወደ መስኮቴ መጡ።

«ገመቺስ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አብራችሁ ነበራችሁ አሉኝ። እንዴት አድርገው ያዙብኝ?»

«ቤት ገብቼ ነበር፤ አላየሁም እናቴ» አልኩ።

«እንኳን አንተን ተዉህ» አሉኝ። በመስኮት አምስት ብርቱካን አቀበሉኝ፤ ሒሳብ ስሰጣቸው እጄን መለሱ። ካልኩሌተሩ ጃኬቴ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በሲሬ በኩል ባለፍኩ ቁጥር እሳቸው በማይመጡበት በኩል ያለ ወንበር እመርጥ ጀመር።

ጨዋታውን ዳግመኛ አልነካሁትም ብል ደስ ባለኝ። ነክቼዋለሁ። ዶርም ውስጥ ተኝቼ ተጫውቼበታለሁ፣ ፈተናም አልፌበታለሁ። የቶሌራ ነጥብ ላይ ግን ደርሼ አላውቅም።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በእግሩ በእኛም ከተማ አለፈ። ቶሌራ አልነበረበትም። አብሮት የሠለጠነ አንድ ልጅ ሰሜን ላይ እንደተለያዩ ነገረን፤ ሌላ ወሬ አልመጣም። አዴ ቦንቱ መናኸሪያው አጠገብ እንደተቀመጡ አርጅተው አረፉ። እውነቱን ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሲሬ ድረስ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ብርቱካን ገዝቼ ተመለስኩ።

ሚስቴ እንኳ የምታውቀው ጓደኛዬ በአፈሳ መሄዱን ብቻ ነው። «ዘመኑ ነው፣ ምን ታደርግ ነበር?» ትለኛለች። ዘመኑ ክፉ እንደነበር እኔም አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ከእኔ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነበር።

ላፕቶፑን የገዛን ቀን ልጆቹ ቤት መጥተው ሲያስተካክሉ፣ የልጄ ጓደኛ የኤሌክትሪክ ገመድ ፍለጋ መሳቢያዬን ከፈተ። ካልኩሌተሩን አገኘው። ገልብጦ አየው፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫነ፤ ልክ እንደዚያ ሰዓት ጠጋኝ ልጅ።

«ባትሪ ቢገባለት ይነሳል እኮ! የማን ነው?» አለኝ።

«የቶሌራ ነው» አልኩት።

ቶሌራ ማን እንደሆነ ሳይጠይቀኝ ወደ ቦታው መለሰው። እኔም ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። ይህን ቃል ያን ቀን፣ እዚያ ግንድ ላይ፣ ለአለቅየው ልለው ይገባኝ ነበር። አሁን ማንንም አያስጥልም።