ሁለት አስቸኳይ ጭነት በአንድ ፒካፕ

ላቀው እምቢ ማለት አይችልም። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም፤ አብሬው ስኖር ያየሁት ትልቁ ችግሩ ይኸው ነው። እኔ ተመስገን እባላለሁ፤ ዶሃ ውስጥ የአንድ የገበያ ማዕከል ጥበቃ ነኝ። ኡም ጉዋይሊና ባለችው ጠባብ ክፍላችን አልጋዬ ከእሱ አልጋ ትይዩ ስለሆነ፣ ስልክ ሲያነሳ የሚለውን ሁሉ ወደድኩም ጠላሁም እሰማለሁ።

ላቀው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። የመጣው ለቤት ሾፌርነት ነበር። አል ገራፋ ሰፈር፣ ባባ ኡሳማ የሚባሉ ሰው ቤት ተቀጥሮ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያመላልስና ለማዳም የውሃ ካርቶን ሲሸከም ዓመታት አሳለፈ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ግን ሻወር ውስጥ ሆኖ እንኳ በተጠራ ቁጥር "አቤት" ማለት ሰለቸው። በመጨረሻ ባባን አስፈቅዶ ወደ ሌላ ከፊል፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ወደሚያወጣለት ሌላ ዋስ፣ ተዛወረ፤ በአዲሱ ከፊል ስም የተመዘገበች አሮጌ ፒካፕ ይዞም ለራሱ መሥራት ጀመረ። ያን ሰሞን ሁላችንም አብደሃል አልነው። ደመወዝ፣ ምግብና ማደሪያ የተቻለው ሰው ምን ነካው? እሱ ግን "አሁን የሚጠራኝ ሰው ሳይሆን ሥራ ነው" እያለ ይስቅብን ነበር።

የያዘው ሥራ አስቸኳይ ጭነት ማድረስ ነው። የሆቴል ማቀዝቀዣ ሲቆም መለዋወጫ፣ የሠርግ አዳራሽ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፤ ባለቤቱ ፀጉሩን እየነጨ የሚጠብቀውን ዕቃ ሁሉ ይዞ ይበራል። የዚህ ሥራ ሕግ አንድ ነው፦ አስቸኳይ ላይ ሌላ ጭነት አይደረብም። ሰው ከተራ ጭነት አብልጦ የሚከፍለው መኪናዋ የትም ሳትቆም ለእሱ ብቻ እንድትሄድ ነው። ላቀው ይህን ሕግ ለአዲስ ሾፌሮች ሲያስተምር የንስሐ አባት ይመስላል።

ሌላው የሥራው ጠባይ ግን ሕግ ላይ የለም። ደንበኛ ሲደውል "ሩቅ ነኝ" ያለ ሾፌር ነገ አይደወልለትም። ስለዚህ ሁሉም "ደርሻለሁ" ይላል። ላቀው ደግሞ ተካነበት። ገና ካልሲውን እየፈለገ "በር ላይ ነኝ" ይላል። በፊት ከዚያው በር የላከው ሎኬሽን ስልኩ ውስጥ ስላለ፣ እሱኑ መልሶ ይልክላቸዋል። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ በሳቅ እፈርስ ነበር። ያ ሳቄ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አስካለ ማርያም ሙዓይዘር ውስጥ በአንድ ቤት የምትሠራ ያገራችን ሰው ናት። ልጇን ኮከብን ገና ጥርሷን ሳትነቅል ለእናቷ ትታት ነው የመጣችው። አንድ ጊዜ ክፉኛ ስትታመም ማዳሟን ለምኖ ሐኪም ቤት የወሰዳት ላቀው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ትለዋለች። የምትተኛው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ካለበት ክፍል ስለሆነ ለዕቃዋ ቦታ የላትም። እንደ እሷ ያሉ ሴቶች የገዙትን ሁሉ እኛ ዘንድ ያስቀምጣሉ፤ አርብ ለጥቂት ሰዓት ሲወጡ ከፍተው ያዩና አጣጥፈው ዘግተው ይሄዳሉ። የአስካለ ሁለት ሻንጣዎች ያሉት እኔ አልጋ ሥር ነበር። ኮከብ ልታገባ ነው ከተባለ ወዲህ ሻንጣዎቹ እየወፈሩ ፍራሼን ወደ ላይ ይገፉት ጀመር። የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ፣ ጫማዋ፣ ለመልሱ የምትለብሰው፣ ለአያትየውም ወፍራም ሹራብ ገብቷል።

"ላሳድጋት አልቻልኩም" ትለን ነበር ቀሚሱን እያሳየችን። "እንግዲህ ላልብሳት።"

በረራዋ አርብ ከሰዓት፣ ሠርጉ እሁድ ነበር። አሠሪዋ አየር ማረፊያ ያደርሷታል፤ ላቀው ሻንጣዎቹን ከእኛ ክፍል ወስዶ በሩ ላይ ያስረክባታል። "ይቺማ የራሴ አስቸኳይ ናት" ብሎ ምሎላታል። አርብ ጠዋት ሻንጣዎቹን ተጋግዘን ጫንን።

ሞተሩን ሳያስነሳ ስልኩ ጮኸ። ሙሀሲን ነው። ሙሀሲን ሰናያ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር የመለዋወጫ መደብር አለው፤ የላቀው ግማሽ ሥራ የሚመጣው ከእሱ ነው።

"መሳይዒድ አንድ ፋብሪካ ቆሟል" አለው በዓረብኛ። "ሞተር ታደርስልኛለህ፤ አሁኑኑ!"

"ሐዲር፣ እሺ! ሰናያ ገብቻለሁ" አለ ላቀው። የቆምነው ኡም ጉዋይሊና፣ በራችን ላይ ነው።

"ሰውዬ፣ የአስካለስ?" አልኩት።

"መሳይዒድና ኤርፖርቱ በአንድ ወገን ናቸው። አድርሼ እመለሳለሁ።"

"ዛሬ አርብ ነው እኮ፣ ጁምዓ አለ!"

"ከጁምዓ በፊት ገብቼ እወጣለሁ። ሙሀሲንን ዛሬ እምቢ ካልኩት ኸላስ፣ ነገ ሌላ ሾፌር ይዟል። ሹግል ነው፣ ሥራ ነው ተሜ!"

"እንግዲያው ሻንጣዎቹን እናውርድ፤ ሰይድ ያድርስላት።" ሰይድ ታክሲ የሚነዳ ጎረቤታችን ነው።

"አደራው የኔ ነው" አለና በሩን ዘግቶ ሄደ።

ከዚያ የሆነውን ራሱ ነው የነገረኝ። ሰናያ ሞተሩን ፈልገው እስኪያወጡ ቆዩበት። ከዶሃ ውጭ መሳይዒድ ሲደርስ የፋብሪካው ጥበቃ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን ይዞ አስገባው፤ የሚመለስለት ጭነቱ ሲራገፍ ነው። ሞተሩን የሚያወርደው የፎርክሊፍት ሾፌር ግን ለጁምዓ ወጥቷል። ግቢው ጭር ብሏል። ላቀው የአስካለን ሻንጣዎች ከሞተሩ ጎን እንዳሰረ ፀሐይ ላይ ቀረ።

አስካለ ደወለች። "ደርሻለሁ እህቴ፣ መግቢያው ላይ ነኝ" አላት። ደግማ ደወለች። ሌላ ቀን ከአየር ማረፊያው በር የላከውን ሎኬሽን ላከላት። እኔ ላቀውን ይቅር ማለት የሚያቅተኝ እዚህ ላይ ነው። እውነቱን ቢነግራት ቁርጧን አውቃ ትገባ ነበር። እሷ ግን ሎኬሽኑን አምና በዚያ ሙቀት ከበር ወደ በር እየሮጠች ነጭ ፒካፕ ፈለገች። ዶሃ ውስጥ ነጭ ፒካፕ መፈለግ! በየመስኮቱ ጎንበስ እያለች የስንቱን ሾፌር ፊት አየች። በመጨረሻ መግቢያው ሊዘጋ ሲል የእጅ ቦርሳዋን ብቻ ይዛ ገባች።

ላቀው ሲደርስ አውሮፕላኑ ሄዷል። ሻንጣዎቹን መልሶ ክፍላችን ሲያስገባ ቀና ብሎ አላየኝም። በማግስቱ በካርጎ ላካቸው፤ ከሠርጉ በፊት እንደማይደርሱ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ሙሀሲን ሌላ ጭነት ይዞ ሲደውልለት "ዛሬ አልችልም" አለው። እምቢ ማለትን ያን ቀን ተማረ፤ ምን ዋጋ አለው?

እሁድ ከሰዓት ስልኩ በቪዲዮ ጠራ። ከሠርጉ ቤት ነው። ላቀው ስልኩን ያየዋል እንጂ አያነሳውም።

"አንሳው እንጂ!" አልኩት።

መጀመሪያ የታየችው ኮከብ ናት። የለበሰችው ቀሚስ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ የተውሶ መሆኑ ያስታውቃል።

"ጋሼ ላቀው!" አለች ከከበሮው በላይ እየጮኸች። "እናቴን እስከ በሩ ድረስ ሸኝተህልኛል። አየር መንገዱ የጣለባትን ሻንጣ እንኳ አንተ እየተሯሯጥክ እንደምትፈልግላት ነግራናለች። እግዜር ውለታህን ይክፈልልኝ!"

ከጎኗ አያትየው ብቅ አሉ። "ክፉ አይንካህ ልጄ፤ በሰው አገር ለልጄ ወንድም ሆንክላት።"

ላቀው "አሜን" ማለት አቃተው። እኔ ያልተመረቅሁት እንኳ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አስካለ ስልኩን ተቀብላ ጓዳ ገባች፤ በሩንም ዘጋች።

"እውነቱን ንገሪያቸው" አላት ላቀው። እያለቀሰ ነበር። "እኔ ይህን ምርቃት እንዴት እቀበላለሁ? ዋሽቼ የጎዳሁሽ እኔ፣ አንቺ ለምን ትዋሺልኛለሽ?"

"ላንተ ብዬ አይደለም" አለች። ብትቆጣ ይሻለን ነበር፤ አልተቆጣችም። "ኮከብ ልጅ ሆና በስልክ 'እማዬ፣ ብትታመሚ ማን አለሽ?' እያለች ስታለቅስ፣ 'ላቀው የሚባል ወንድም አለኝ' እያልኩ ነው ያስተኛኋት። ታዲያ ዛሬ፣ በሠርጓ ቀን፣ እናትሽ ያን ሁሉ ዘመን ሰው አልነበራትም ልበላት?"

መልሱንም አልጠበቀችም፤ እንግዶቹ እየጠሯት ነበርና ስልኩን ዘጋችው።