ዜማ፦ ኦይታ ኤርጫፎ

በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ኦይታ ኤርጫፎን «እንኳን ደስ ያለህ» ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም፤ ሰውየው መሬት መሬት ያያል። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ ካሴት እየቀዳ የሚሸጥ ሰው ነው። አገር ምድሩ በሚጨፍርበት ዘፈን ሽፋን ላይ «ዜማ፦ ኦይታ ኤርጫፎ» ተብሎ ታትሞለታል። ሌላ ሰው ቢሆን ሽፋኑን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳው ላይ በሰቀለው ነበር። ሰዎች ዝምታውን ትሕትና አሉት። የምን ትሕትና፤ እፍረት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ጫኖ ውስጥ ነው። የአክስቱ የአሰፋሽ አንድ ልጅ፣ ዳልጮ፣ በወባ ሞተ። አሰፋሽ በጸሎት ቤቷ ዘማሪ ናት፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም፣ አማኝ ሙሾ አያወርድም ብለዋል። ሦስት ቀን እንባዋን ብቻ አፈሰሰች። በአራተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲበተን ወደ ሙዝ ማሳዋ ገባችና እናቷና አያቷ ሲያለቅሱበት በኖሩት የጋሞኛ ዜማ የልጇን ስም እየጠራች ታንጎራጉር ጀመር። ኦይታ የመዘምራኑን መዝሙር ሊቀዳ ያመጣው ቴፕ በእጁ ነበር። ተከትሏት ሄዶ ቁልፉን ተጫነ። ለምን እንደተጫነ ራሱም አያውቅም፤ የካሴት ሰው እጁ አያርፍም።

ዞር ስትል አየችው። አልተቆጣችም።

«አደራ» አለችው። «ማንም እንዳይሰማው። እኔ ቤት ማስቀመጥ አልችልም። ሲብስብኝ ሱቅህ እመጣለሁ፣ ታሰማኛለህ።»

ሦስት ጊዜ መጣች። ኦይታ በሩን ገርበብ አድርጎ ይከፍትላታል፤ ሰምታ፣ ዓይኗን ጠርጋ፣ ወደ ጫኖ ትመለሳለች። ሥራዋንም ትሠራለች፣ መዝሙሯንም ትዘምራለች። ያቺ ካሴት ነበረች ደግፋ ያቆመቻት።

ኦይታ ባዶ ካሴት ሊያመጣ አዲስ አበባ የወጣ ጊዜ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ከአንድ ዘፋኝ ጋር ተገናኘ። ዘፋኙ ዘጠኝ ዘፈን አዘጋጅቶ አሥረኛው ጠፍቶታል። «ከእናንተ አገር ያልተነካ ዜማ አይገኝም?» አለ። እዚህ ላይ ለኦይታ መከራከሪያ አይገኝለትም፤ ማንም አላስገደደውም። የታወቀ ሰው ለአንድ አፍታ ጆሮ ስለሰጠው ብቻ የአክስቱን ልቅሶ አንጎራጎረለት።

በማግስቱ ስቱዲዮ ወሰዱት። ኪቦርድ ተጫዋቹ አንዴ ሰማና «ቆንጆ ነው፣ ግን ያስተኛል» ብሎ ከበሮውን በማሽኑ አፈጠነው። ዜማው ወዲያው ወገብ የሚያስፈታ ሆነ። ዘፋኙ አዝማቹ ላይ የሚመላለሰውን ቃል ወደደው።

«ዳልጮ ማለት ምንድን ነው?»

ኦይታ የሞተ ልጅ ስም ነው ቢል ሥራው እዚያው ሊቆም ነው፣ ስሙም ሽፋን ላይ አይወጣም።

«የሠርግ ጭፈራ ነው» አለ።

ካሴቱ በወጣ በወሩ የከተማው ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ጨፈሩበት። ሙዝ የሚጭኑት አይሱዙዎች ይዘውት ዞሩ። ምዕራብ ዓባያ የሚሄደው አውቶቡስ ጫኖ ላይ ሰው ሲያወርድ ሳይቀር «ዳልጮ፣ ዳልጮ» ይላል። የኦይታ ሱቅ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አያጣም፤ ባዶ ካሴት እስኪያልቅበት ድረስ ቀዳ፣ ካለቀበትም በኋላ ያገኘው ላይ ሁሉ ቀዳ። ጫኖ መሄድ ግን ተወ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያለ መልእክት ይልካል።

አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ አሰፋሽ ራሷ መጣች። ደንበኛው እስኪወጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ኦይታ ስድብ ጠበቀ፤ እንዲያውም ብትሰድበው ደስ ባለው።

«ሰምቼዋለሁ» አለችው በጋሞኛ። «አውቶቡስ ውስጥ። ሰዉ ትከሻውን ሲነቀንቅ እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።»

«አክስቴ…»

«ለጠብ አልመጣሁም። የእኔን ክፈትልኝ።»

ኦይታ መሳቢያውን ሳበ። በገዛ እጁ «አደራ» ብሎ የጻፈበት የካሴት ማኅደር አለ፤ ካሴቱን አውጥቶ ቴፑ ውስጥ አስገባና ከፈተው። የማሽን ከበሮ መጣ። ገለበጠው፤ ያው ነው። ጽሑፉ ያለው ማኅደሩ ላይ እንጂ ካሴቱ ላይ አልነበረም፤ በዚያ ጥድፊያ እጁ የገባው ሁሉ ላይ ሲቀዳ ይህም ላይ ቀድቶ መልሶ ማኅደሩ ውስጥ ከቶታል። ሌላ እንዳይቀዳበት የካሴቱን የጀርባ ፕላስቲክ መስበር በቂ ነበር። ለደንበኛ ሁሉ የሚሰብረውን ለአክስቱ አልሰበረም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ፤ እሱ ግን ለዘፈን ሲል በላው።

«ጠፍቷል» አለ ቀና ሳይል። «ዘፈኑን ቀዳሁበት።»

አሰፋሽ ቴፑን በራሷ እጅ አጠፋችው።

«እንግዲያው አንተ በለው» አለች። «ዜማው የኦይታ ነው ይሉ የለ?»

ድምፅዋ ውስጥ ሽሙጥ አልነበረም፤ የከፋውም እሱ ነው። ኦይታ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ሁለት ስንኝ ሳይሄድ ዜማው ጉሮሮው ውስጥ ፈጠነ፣ እግሩም መሬቱን መታ። ጉልበቱን በእጁ ይዞ እንደገና ጀመረ። ያው መጣ። አቆመ።

«እኔም እንዲሁ ነው የሚሆንብኝ» አለች አሰፋሽ። «ማሳው ውስጥ ገብቼ ቀስ ብዬ እጀምረዋለሁ፣ ሳላውቀው የአውቶቡሱ ይሆንብኛል። አሁን ዳልጮን በምን ላልቅሰው፣ ኦይታ?»

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። መናኸሪያው ውስጥ የጫኖው መኪና ሞልቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ዘፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ረዳቱ «እማማ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን፣ ግቢ» አላት። አሰፋሽ በአጠገቡ አለፈችና የጫኖን መንገድ በእግሯ ጀመረችው።