ባቡሩ ከሰል ይገዛል እንዴ?

ዛሬ ግቢያችን የገባው ኮንቴይነር ላይ «ከጅቡቲ በባቡር የመጣ፣ ጭስ የቀነሰ ጭነት» የሚል አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፎበታል።

ቦሌ ለሚ አካባቢ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገጣጠምበት ድርጅት ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አለቆቻችን ወረቀቱ አጠገብ ፎቶ ተነሱ። እኛም አጨበጨብን።

ከዚያ ኮንቴይነሩን ጭኖ የገባው የከባድ መኪና ሾፌር ጋሽ ሰይድ እንደ ወትሯቸው አንድ ማዳበሪያ ከሰል ከጋቢና አወረዱልኝ። «ትናንት አዋሽን ሳልፍ የገዛሁልህ ነው።»

«ጋሼ፣ ዕቃው በባቡር አይደል እንዴ የመጣው?»

«እኔ ከጅቡቲ ጀምሮ እየነዳሁ ነው የመጣሁት ልጄ። ወረቀቱን እዚህ በር ላይ ነው የለጠፉብኝ።»

መቼም ባቡሩ አዋሽ ላይ ወርዶ፣ ዋጋ ተከራክሮ ከሰል አልገዛልኝም!

እናንተንስ መሥሪያ ቤታችሁ ምን ለጥፎ አስጨበጨባችሁ? እስቲ እናንተ ተናገሩ፤ እኔ እንደሆንኩ ከሰሉን ተቀብያለሁ።