ሁሉ የሚለካበት ድስት

ትናንት ከምሳ በኋላ የልጅ ልጆቼ ከበቡኝና፣ «እማማ፣ ጅዳ ሳለሽ የገጠመሽን አንድ ነገር ንገሪን» አሉኝ። ትልቋ ወጡ ጨው በዝቶበት ፊቷን አጨማዳ ነበር። ይህን ያስታወሰኝ ፊቷ ነው።

ያኔ ሸረፊያ ሰፈር ማዳም ሉብና ቤት እሠራ ነበር። ዕድሜያችን ብዙም አይራራቅም፤ እሷ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። በግመል ወተት ውስጥ ያለ አንድ ነገር ቅርጹ ምን እንደሚመስል ነበር የምትፈልገው። ያንን ነገር እንደ ስኳር ቅንጣት ታረጋዋለች፤ ክሪስታል ይሉታል። ጨረር ሲያልፍበት ነጠብጣብ የሞላበት ፎቶ ይወጣል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ነጠብጣብ ለማየት ግን ፊደል አያሻም። ፎቶዎቹን ምግብ ጠረጴዛው ላይ እየደረደረች ሩዝ የማቀርብበት ታሳጣኝ ነበር።

ጨረሩ ቅንጣቷን ስለሚጎዳት ሁሉንም ፎቶ ከአንዷ ማንሳት አይቻልም። ስለዚህ ከብዙ ቅንጣቶች ትሰበስባለች። የትልቋ ነጠብጣብ ይደምቃል፣ የትንሿ ይደበዝዛል፤ እንዲሁ ቢደባልቁት አይሆንም። አንዷን መለኪያ ታደርግና ሌሎቹን ከእሷ ጋር እያነጻጸረች፣ ደብዛዛውን ታደምቃለች፣ ደማቁን ታደበዝዛለች። መለኪያዋ መጀመሪያ ያረጋቻት፣ ትልቋና ውቧ ነበረች።

ግን ፎቶዎቹ እርስ በርስ አልገጥም አሏት። አስተማሪዋ ከሐጅ በፊት ካልጨረሽ ትምህርቱ ይቆማል ብሏታል። ትምህርቱ ከቆመ ሪያድ ወንድሟ ቤት ልትገባ ነው፤ እዚያ ሠራተኛ አላቸው። እኔም ኸላስ፣ ወደ አገሬ ነበርኩ።

በረመዳን ዒድ ማግስት ከመካ፣ ከዛሂር ሰፈር ተመለስኩ። የባሕራ መንገድ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ እኔን ያቃጠለኝ ግን ሙቀቱ አልነበረም። ማቀዝቀዣው ሥር ቆሜ ውሃ በውሃ ላይ ስጠጣ አገኘችኝ።

«ያ ዘሃራ፣ ግመል ሆንሽ እንዴ?»

«ወጡ ነው፣ ማዳም። ዛሂር የወሎ ሴቶች ለዒድ ስንሰበሰብ እያንዳንዳችን ሠርተን እንመጣና አንድ ትልቅ ድስት ውስጥ እንገለብጠዋለን። ሳይገለበጥ ግን የሁላችን ታላቅ ሐጃ ሩቂያ ይቀምሱታል። ከሳቸው ወጥ እስኪተካከል ጨው ጨምሪ ይላሉ፣ እንጨምራለን።»

«የሳቸውንስ ማን ይቀምሳል?»

«አስተግፊሩላህ! የሐጃን ወጥ? ማን ደፍሮ!»

«እንግዲያ ጠጪ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ።

ቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። የትልቋን ቅንጣት ፎቶዎች ብቻ፣ በተነሱበት ተራ ደረደረቻቸው። የፊተኞቹ ቦግ ያሉ ናቸው፤ ወደ ኋላ እየፈዘዙ ሄደው የመጨረሻዎቹ ጭል ጭል ይላሉ። ጨረሩ እያቃጠላት ኖሯል። ሌሎቹን ሁሉ በእሷ ስትለካ ሰንብታ፣ እሷን ለብቻዋ አንድም ቀን አላየቻትም።

«ወላሂ፣ ይቺ ታማለች» አለች። እንደ ሰው አዘነችላት።

ከዚያ አንዲት ትንሽ፣ ጠርዟ የተሸረፈ ቅንጣት መረጠች፤ መጀመሪያ የተነሳውም መጨረሻ የተነሳውም ፎቶዋ እኩል ይደምቃል። እሷን መለኪያ አድርጋ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረች። ሐጅ ሳይገባ ገጠመላት። አስተማሪዋ ዘንድ የምትቀርብ ዕለት አባያዋን የተኮስኩላት እኔ ነኝ፤ ተቀበላት፣ እኔም ሸረፊያ ቀረሁ። ሐጃ ሩቂያ ደግሞ በየዒዱ መቅመሳቸውን ቀጠሉ፣ እኛም ውሃ መጠጣታችንን። ማዳም ያለችውን ዛሂር ወስጄ አልተናገርኩም፤ አክብሮት አንዳንዴ ያስጠማል።

«ታዲያ ሐጃ ለምን ያን ያህል ጨው ይወዱ ነበር?» አለች ትልቋ የልጅ ልጄ፣ የውሃ ጣሳዋን እንደያዘች።

እኔም አላውቅም ነበር። ከስንት ዘመን በኋላ ኮምቦልቻ ለሳቸው ሰደቃ ስንቀመጥ፣ ልጃቸው ናት የነገረችን። ሐጃ መካ ከመግባታቸው በፊት ክፉ ትኩሳት ታመው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጨውን ከስኳር አይለዩም። «ቅመሱልን ስትሏት ግን ደስ ይላት ነበር» አለችን።