የመጀመሪያው ቀን ሦስት ተማሪዎች

አዳማ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ የሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንት ባዶ ነበር። ተማሪው «ማን ያስተምራል» ብሎ ከቤቱ አይነሳም፤ መምህሩም «ማን ይመጣል» ብሎ የኮርሱን ዝርዝር አድሎ በአሥር ደቂቃ ይወጣል። እኔም እንደዚያው ሳደርግ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ግን በቃኝ። አንድ ሰው ብቻ ቢመጣም ክፍለ ጊዜውን ሙሉ አስተምራለሁ ብዬ ገባሁ።

ሦስት መጡ። የስልሳ ሰው ክፍል ውስጥ ተበታትነው ስለተቀመጡ ወደ ፊት ሰበሰብኳቸው። ኮርሱ መስኖ ነው። በፌስታል ይዤው የመጣሁትን አፈር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩና «ይሄ አፈር ውሃ ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም? በምን ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። ከዓለም ጤና ከተማ የመጣች የሽንኩርት ገበሬ ልጅ አፈሩን በመዳፏ ጨብጣ ለቀቀችው።

«ፈረሰ። ዛሬውኑ መጠጣት አለበት» አለች።

ሌሎቹ አላመኗትም። ሰዓቱ እስኪያልቅ ተከራከርን።

በሳምንቱ ክፍሉ ሞላ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ያለፈውን ይድገሙልን። ማንም አይመጣም ብለን ነው የቀረነው።»

ንዴቴን ዋጥ አደረግኩ። «ሰው መጥቶ ነበር» አልኩትና ጠመኔውንም ፌስታሉንም ለልጅቷ ሰጠኋት። መጀመሪያ አመነታች፤ አፈሩን ስትጨብጥ ግን ድምጿ ከፍ አለ።

እኔ እሷ በተነሳችበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ደብተሬን አወጣሁ። ያለፈው ጊዜ ስትናገር ሳልጽፈው ያመለጠኝ ነገር ነበር።