የቬልዳ ጉንጭና የኤልደን መኪና

ቬልዳ ክራትዘር መኪና ትልሳለች ይባላል። በከተማችን ይህን ያልሰማ ካለ ወይ ጆሮው አይሰማም፣ ወይ ትናንት ነው የመጣው። አሮጌ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው እሷን ይዞ ይሄዳል፤ እሷ ጎንበስ ትልና ምላሷን ፓራፋንጎው ላይ ታሳርፋለች፤ ከዚያ ቀና ብላ "እዚህ ጋ ስቱኮ አለ፣ እዚህ ጋ ዝገት አለ፣ ሻጩ ጋ ደግሞ ውሸት አለ" ትላለች። ወሬው ምግብ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ከፓይ ጋር ሲቀርብ ይብስበታል። ቀለሙ የተቀባበትን ዓመት በጣዕም ትለያለች፤ ቀይ ይስማማታል፣ አረንጓዴ ቃር ያስነሳባታል።

ውሸት ነው። የምታስጠጋው ጉንጯን ነው። ዕድሜውን ፋብሪካ ውስጥ የለፋ ጣት እንደ ጫማ ሶል ይደነድናል፤ ቢዳስስም ወሬ አያመጣም። ጉንጭ ግን ሥራ አያውቅም፤ እንደ ጌታ ልጅ አርፎ ነው የሚያረጀው። ብርድ ያደረበት ቆርቆሮ ጉንጭን ይነክሳል፤ በስቱኮ የተሞላ ጉድጓድ አይነክስም። ምሥጢሩ ይኸው ነው። ወሬውን የጀመረው ሰው ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ ከኋላ ለሚያይ ደግሞ ጉንጩን የሚያስጠጋና የሚልስ ሰው አንድ ናቸው። ቬልዳ ሰምታ አላስተባበለችም።

"ተዉት" ነው ያለችው። "ትልሳለች ብሎ የፈራ ሻጭ ሳልጠይቀው ይናዘዛል።"

ሰው የሚሰማት ግን በጉንጯ ብቻ አይደለም። እነዚህን መኪኖች ሠርታቸዋለች። ገና ልጃገረድ ሳለች ነው ከወንዙ ማዶ ያለው የመኪና ፋብሪካ የገባችው። ጊዜው ባለ ሁለት በር መኪና ላይ የጭነት መኪና የሚያህል ሞተር ጭኖ ለጎረምሳ መሸጥ ያልነወረበት ዘመን ነበር፤ ዛሬ "ጡንቻማዎቹ" እያሉ የሚያቆላምጧቸው እነዚያን ነው። የእሷ ሥራ ከኋላው ኮፈን ሥር ሁለት ቆርቆሮ የሚገናኝበትን ስፌት ውኃ እንዳያስገባ በማስቲሽ መድፈን ነበር። መስመሩ አይቆምም። መኪናው ይሄዳል፣ ቬልዳ ትከተላለች፣ አለቃው ይጮኻል። ማስቲሹን ፊጭ ታደርግና በአውራ ጣቷ ልቅልቅ፤ ቀና ስትል ቀጣዩ ደርሷል። ሥራው ሲያልቅ ሕፃን በአጃ ገንፎ የተጫወተበት ግድግዳ ይመስላል። ማን ግድ አለው? ምንጣፍ ይለብስበታል።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። መጀመሪያ እነዚያን መኪኖች ከየጎተራው እየጎተቱ ያወጡ አዳሾች፣ ፋብሪካው ከሠራቸው ይበልጥ ያሳምሯቸው ነበር። ኋላ ግን የሰው ዓይን ሌላ ፈለገ። አሁን በየትርኢቱ ዳኞቹ ባትሪ ይዘው መኪና ሥር ይጋደማሉ፤ የሚፈልጉትም ፋብሪካው የተወውን ነው፦ የወረደ የቀለም ጠብታ፣ የተንሻፈፈ የጠመኔ ምልክት፣ የተለቀለቀ ማስቲሽ። ከፋብሪካው አብልጦ ያማረ መኪና ነጥብ ይቀነስበታል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ቁንጅና ጥፋት ሆነ።

አንድ በጋ፣ ትርኢት ላይ፣ አንድ ዳኛ የኋላ ኮፈን ውስጥ አንገቱን ቀብሮ "እንዴት ያለ ልቅለቃ ነው! ፋብሪካው ራሱ!" እያለ ሲያደንቅ ቬልዳ በትከሻው አሻግራ አየች።

"ይሄ የሰኞ ነው" አለችው።

"ምን አሉኝ፣ እመቤቴ?"

"የሰኞ ጠዋት ሥራ ነዋ። ማክሰኞ ትንሽ ይሻለኝ ነበር። እሑድን በቢራ ነበር የምሸኘው።"

ዳኛው አቀፋት። ከዚያ ወዲህ አዳሾች ከሩቅ እየጠሩ ያስለቀልቋታል። ችግሩ፣ ረጋ ብላ ስትሠራ ያምርባታል። "ጩኹብኝ እንጂ!" ትላቸዋለች። "'ቬልዳ፣ ተኝተሻል እንዴ!' በሉኝ። እንደ አለቃ ስደቡኝ!" ጺማም ጎልማሶች ዙሪያዋን ቆመው አሮጊት ይሰድባሉ፤ ያኔ ይበላሽላታል፤ እነሱም ደስ ብሏቸው ይከፍላሉ።

እንግዲህ ባለፈው፣ በረዶው ቀልጦ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ጌለን ሾውፕ ደጇን አንኳኳ። ጌለን በወጣትነቱ ጡንቻማ መኪና ነበረችው፤ ሸጦ የመጀመሪያዎቹን ጊደሮች ገዛባት። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን ጎህ ሳይቀድ ሲያልብ ኖረ። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ላሞቹን ሸጠ። አሁን የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር።

"መኪናዬን ላም በላብኝ" አላት። "አሁን ደግሞ ላሞቹን መኪና ይብላቸው።"

"ሮበርታስ?"

ሮበርታ ሚስቱ ናት። "'ቬልዳ ግዛ ካለችህ ግዛ። አትግዛ ካለችህ ግን እስክቀበር ድረስ ገበታዬ ላይ መኪና የሚል ቃል እንዳልሰማ' ብላኛለች።"

"እንዲህ ያለ ሸክም በእኔ ላይ!"

"በአንቺ ላይ አይደለም፣ በጉንጭሽ ላይ ነው።"

መኪናዋ የሟቹ የኤልደን ራክማን ናት። ኤልደን ያደሳት ገና አዳሾች ሁሉ ማሳመርን ብቻ በሚያውቁበት በዚያ በድሮው ዘመን ነው። ባልቴቷ ኢሞጂን ልትሸጣት አውጥታለች፤ የጠራችው ዋጋ ግን ከገበያው እጥፍ ነው። እኛ ባንኮኒው ላይ "ስስታም" ብለን ፈርደንባት ነበር። ሊያዩ የሄዱትም እየሳቁ ተመልሰዋል። የቀረውን የነገረን ጌለን ራሱ ነው፤ ጌለን ደግሞ ማጋነን የማይችል፣ ለወሬ የማይሆን ሰው ነው።

ኢሞጂን ሰማንያውን ያለፈች፣ ከደረቅ እንጨት የተጠረበች የምትመስል ቀጭን ሴት ናት። የመጋዘኑን በር ከፍታ "ጫማችሁን አራግፉ" አለችና ሸራውን ገለጠች። ጥቁር ሰማያዊ፣ ኮፈኗ ላይ ነጭ ሰንበር ያላት፣ ቆማ እንኳ የምትሄድ የምትመስል መኪና። ጌለን ሳያስበው ባርኔጣውን አወለቀ።

"መልስ ባርኔጣህን" አለችው ቬልዳ በሹክሹክታ። "ሻጭ ፊት መኪና አይወደስም።"

"ምን ተናገርኩ?"

"አፍህ ዝም ቢል በራህ እያበራ ነው።"

ሥራዋን ጀመረች። ማግኔቷን የሕፃን ካልሲ አልብሳዋለች፣ ቀለም እንዳይጭር። ከበሩ ሥር፣ ከጎማው በላይ፣ ዝገት በሚወድበት ቦታ ሁሉ አሳለፈችው፤ ሁሉም ቦታ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉንጯን አስጠጋች።

"አሁን ልትልሳት ነው?" አለች ኢሞጂን ቀስ ብላ።

"አይ፣ ጉንጯን ነው የምታስጠጋው" አላት ጌለን።

"ኤጭ። ለእህቴ ልደውልላት ነበር።"

ከፊት ፓራፋንጎ እስከ ኋላ መብራት ጉንጯ ተነከሰ። አንድ እፍኝ ስቱኮ የለም፤ ሁሉም በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተስተካከለ ቆርቆሮ ነው። ቬልዳ ግን ፊቷን አልፈታችም። ጉድለቱንም አየች። በመስኮቶቹ ዙሪያ ቀለሙ እንደ ደረቀ ኩሬ በቀጫጭኑ ተሰነጣጥቋል። የፊት ኮፈኑን ከፍታ የሞተሩን ቁጥር አነበበችና "ሞተሯ የእንጀራ ልጅ ነው፤ አብሯት አልተወለደም" አለች። ደግሞም ፋብሪካው ጥቁር ቀብቶ የተወው ሁሉ እዚህ እንደ መስታወት ያበራል። "ዳኛ ቢያየው እንባ በእንባ ይሆናል።"

የጌለን ትከሻ ወረደ። እያንዳንዷ ቃል በሮበርታ አፍ ገበታ ላይ ስትደገም ይሰማው ነበር።

ቬልዳ ወደ ኋላ ሄደች። የኋላውን ኮፈን ከፈተች፣ ምንጣፉን ገለጠች፣ ባትሪዋን አበራች። የራሷን ስፌት ልታይ። የራሷ ባይሆን እንኳ በሌሊት ፈረቃ ያንኑ ስፌት ትደፍን የነበረችው ሴትዮ ሥራ ይሆናል፤ ያቺ ደግሞ ከእሷም የባሰች ነበረች።

ልቅለቃ የለም።

ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጭን፣ እኩል፣ ልብስ ሰፊ የቀመቀመው የሚመስል መስመር ነበር። ኤልደን የፋብሪካውን ገንፎ ፍቆ ፍቆ አውጥቶ እንደገና አስምሮታል። ቬልዳ ስፌቱን በባትሪው ተከተለችው። ስፌቱ ከነዳጅ ታንከሩ ጀርባ ይገባል፤ በዘንግ ጫፍ ያለች ትንሽ መስታወቷን አስገባች። እዚያም እኩል ነው። እዚያ እኮ ታንከሩ ከተገጠመ በኋላ ከአይጥ በቀር ማንም አይደርስም።

መስታወቷን በር ውስጥ ከተተች። ሰው እጁን እንኳ ማስገባት የማይችልበት የበሩ ሆድ ተቀብቶ፣ ተወልውሎ፣ የውጪውን ያህል ያበራል። መናገር ተወች። ቬልዳ ዝም ስትል አይተን የማናውቅ ሰዎች ነን፤ ጌለን ይህን ሲነግረን ማንኪያችንን ነው ያስቀመጥነው።

"ካቻቢቴ አለሽ፣ ኢሞጂን?"

የኤልደን ካቻቢቴዎች ግድግዳው ላይ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ቬልዳ አንዱን አንሥታ፣ መኪናው ወለል ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ ክሩስኮቱ ሥር ገባች። አንድ ሽፋን ፈታች። ከሥሩ ሌላ ነበር። ያንንም ፈታች።

"ጌለን፣ ና እይ።"

"ምን ተበላሸ?"

"ና እይ አልኩህ።"

ጌለን በዚያ ጉልበቱ እያቃሰተ ከጎኗ ተንጋለለ። "ምኑን ነው የማየው?"

"ቪቴዎቹን።"

"ቪቴ ናቸው።"

"ራሳቸው ላይ ያለውን ስንጥቅ እይ።"

አየ። የሁሉም ስንጥቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ለጸሎት እንደተነሣ ጉባኤ። አንድም የተጋደመ የለም። ምንጣፉን ገለጡ፤ የወለሉ ቪቴዎችም ቆመዋል። መቀመጫውን አነሡ፤ የመቀመጫውም። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ሕፃን በደረታቸው እየተሳቡ ከአንዱ ጨለማ ወደ ሌላው ጨለማ ባትሪ እያበሩ "ይኸው!"፣ "እዚህም!"፣ "ኧረ በፈጠረህ!" ይባባሉ ጀመር። ጌለን የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አይቶ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ቬልዳ ወጥታ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ጸጉሯ ላይ አቧራ እንኳ የለም፤ እዚያ ውስጥ አቧራ አልነበረማ።

"ትርኢት አልወሰዳትም?" ስትል ጠየቀች።

"አንድ ጊዜ ወስዷት ነበር" አለች ኢሞጂን። "ጎረቤታችን ግንባሯ ላይ እሳት ያስሳለባት መኪና ይዞ አሸነፈው። ኤልደን ምንም አላለም። መልሶ አመጣትና እንደገና ይሠራት ገባ። ለእራት ስጠራው 'መጣሁ' ይላል፤ አይመጣም። ዋጋውን የተናገረው እሱ ነው፣ ሆስፒታል ተኝቶ። 'የገባው ሰው አይከራከርሽም' አለኝ። እኔ ስስታም አይደለሁም። ቃሉን ነው የያዝኩት።"

ቬልዳ አውራ ጣቷን ዘርግታ ታየው ጀመር።

"ያንን ስፌት ስንት ዘመን ለቀለቅኩት" አለች። "እንዲህ ሆኖ ሊሠራ ይችላል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም።"

"መስመሩ አይቆምማ" አላት ጌለን፣ ሊያጽናናት።

"አዎ። መስመሩ አይቆምም።"

ጌለን ግን የመጣበት ጉዳይ አለው። "ቬልዳ፣ ቁርጤን ንገሪኝ። ሮበርታ ጠረጴዛው ላይ እጇን አጣምራ እየጠበቀችኝ ነው።"

"ዋጋው እብደት ነው" አለችው። "ነገ ገበያ ብታወጣት ከግማሹ በላይ አታገኝም። ቀለሟ ተሰንጥቋል፣ ሞተሯ የእንጀራ ልጅ ነው፣ ቁንጅናዋ ራሱ ጥፋት ተብሎ ይቆጠርባታል።"

ጌለን ባርኔጣውን አጠለቀ። "እሺ። ደክመሽልኛል፤ አመሰግናለሁ።"

"ቁጭ በል፣ አልጨረስኩም። ልቅልቅ ያለባት መኪና ሞልታለች። ካነሰችም እኔ አለሁ፤ ሰድባችሁኝ እለቀልቃለሁ። እንደዚህች ያለችውን የሚሠራው ሰው ግን ሞቷል። አንተ አንዴ ሸጠሃል፣ ጌለን። እንደገና የምትሸጥ ሰው ከሆንክ አሁኑኑ እንሂድ፣ ላሞችህን አታባክን። የማትሸጥ ከሆነ ግን ግዛት፤ አንድ ዶላር አትከራከር።"

ጌለን መኪናዋን አየ። እጁን አንሥቶ ሊነካት ፈለገና ተወው።

"አልሸጥም" አለ።

"ጮክ በል፣ ኤልደን ይስማህ።"

"አልሸጥም አልኩ! ግን ሮበርታን ምን ልበላት?"

"ቬልዳ ልሳ አጣጣመቻት በላት።"

ኢሞጂን ሳቀች፤ ከቀብሩ ወዲህ የሳቀችው ያኔ ነው ይላሉ። ይህን የሚሉት ግን እኛው ነን፣ አትመኑን። ጌለንና ኢሞጂን ተጨባበጡ፤ እሷ ቁልፉን ከግድግዳው አውርዳ መዳፉ ላይ አኖረችለትና ሸራውን ማጠፍ ጀመረች። ቬልዳ የኋላውን ኮፈን ልትዘጋ ሄዳ ሳትዘጋው ቀረች። ጎንበስ ብላ እንደገና ባትሪዋን አበራች፤ ብርሃኑ በስፌቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ።

"ማንም በማያይበት ቦታ ላይ እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ሰው" አለች፣ አንገቷን ሳታወጣ፣ "ማን ያይልኛል ብሎ ነው?"

ኢሞጂን ሸራውን ማጠፏን ቀጠለች። ጌለን ባርኔጣውን እንደገና አወለቀ።